የድኅረ ምረቃ ኢኮኖሚክስ የቅበላ ቁጥሮች፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢኮኖሚክስ ጨርሰው ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ ለማመልከት የተነሡ የድሬና የሐረር ልጆች በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ መጠየቅ ይጀምራሉ። ከሳቢያንም ይምጣ ከጀጎል፣ ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከአንድ ቁጥር ነው፦ «እዚያ ዩኒቨርሲቲ ከመቶ ይህን ያህል ሰው ብቻ ነው የሚቀበሉት፤ ታዲያ ለምን ልድከም?» ለኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ስታቲስቲክስ አስተምሬያለሁ፤ አሁን ደግሞ ማታ ማታ ማመልከቻ የሚያዘጋጁ ልጆችን እረዳለሁ። በእነዚህ ዓመታት ያየሁት ትልቁ ኪሳራ አመልክቶ መውደቅ አይደለም። ጎበዝ ልጅ አንድ ፐርሰንት አይቶ፣ ያ ፐርሰንት ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቅ ማመልከቻውን ሲተወው ነው። ለዚህ ነው መልሶቹን አንድ ቦታ የሰበሰብኳቸው።

«ከመቶ 6 ብቻ ነው የሚገባው» የሚል አየሁ። እኔ የመግባት ዕድሌ 6 በመቶ ነው ማለት ነው?

አይደለም። 6 በመቶው የሚናገረው ስለ አመልካቾቹ ክምር ነው። በዚያ ክምር ውስጥ እናንተ የት ጋ እንዳላችሁ ቁጥሩ አያውቅም።

ሁላችንም የምናውቀውን የመውጫ ፈተና ልውሰድ። በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሰጥ 150,184 ተማሪዎች ተፈትነው 61,054 አለፉ፤ 40.65 በመቶ መሆኑ ነው። ዜናው ይህን ቁጥር ሲያሰማ ብዙ ቤት ውስጥ «ከአሥር ስድስቱ ይወድቃል» ተባለ። ቁጥሩ ሲከፈል ግን ሌላ መልክ አለው። ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 77,981 ተማሪዎች ያለፉት 48,632 ናቸው፤ 62.36 በመቶ። ከግል ተቋማት ከተፈተኑት 72,203 ያለፉት 12,422 ናቸው፤ 17.2 በመቶ። አርባ በመቶ አካባቢ የነበረ ወገን በመካከሉ የለም፤ 40.65 የሚባለው ሁለት በጣም የተራራቁ ቡድኖች ሲደባለቁ የወጣ ቁጥር ነው። 17.2ም ቢሆን በግል ኮሌጅ ሌት ተቀን ያጠናችውን ልጅ ዕድል አይናገርም፤ ያም የራሱ ድብልቅ ነው።

የድኅረ ምረቃ ቅበላም እንዲሁ ነው። ስሙ የገነነ ዩኒቨርሲቲ ሁሉም ይሞክረዋል። ሒሳብ ጨርሶ ያልወሰደ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ያልተላከለት፣ የተጠየቀውን ፈተና ያልተፈተነ ሰው ሁሉ በአመልካችነት ሊቈጠር ይችላል። መስፈርቱን አሟልቶ ሰነዱን አጠናቅቆ ያስገባ ሰው የሚወዳደረው ከጠቅላላው ክምር ጋር ሳይሆን እንደ እሱ ካሟሉት ጋር ነው። የእነሱ ቁጥር ደግሞ አይታተምም። ስለዚህ የታተመው ፐርሰንት ለብቁ አመልካች ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ዕድሉ ያነሰ ነው፤ ላልበቃው ደግሞ የተጋነነ ነው።

ፐርሰንቱ ከምን ተካፍሎ ነው የሚመጣው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ጥቂት ሰው ነው፤ ሁሉም ቢጠይቀው ደስ ይለኛል። አራት የተለያዩ ቁጥሮች አሉ፦ ያመለከቱ፣ የቅበላ ደብዳቤ የተላከላቸው፣ ቅበላውን የተቀበሉ፣ መጨረሻ ላይ ተመዝግበው ክፍል የተቀመጡ። ዩኒቨርሲቲዎች እነዚህን አንድ ዓይነት አድርገው አያወጡም። የለንደኑ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት፣ ኤልኤስኢ የሚባለው፣ በየፕሮግራሙ ገጽ ሲያሳይ የቆየው ያመለከቱትንና የተመዘገቡትን ነው። ኦክስፎርድ ያሉትን ቦታዎች ብዛትና የሦስት ዓመት የአመልካቾች አማካይ ይሰጣል። ካምብሪጅ ያመለከቱትን፣ ደብዳቤ ያገኙትንና የተቀበሉትን ለይቶ ያወጣል። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዲግሪ አመልካቾችንና ተቀባይነት ያገኙትን በየትምህርት ክፍሉ ያትማል፤ የፈተና ውጤታቸውንም ጨምሮ።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ለማስረዳት የራሴን ምሳሌ ልስጥ። አንድ የማስተርስ ፕሮግራም 900 ሰው አመለከተበት እንበል፤ 150 ሰው ደብዳቤ ተላከለት፤ ከእነሱ 60ው መጥተው ተመዘገቡ። የተመዘገቡትን ላመለከቱት ካካፈልነው 6.7 በመቶ ነው። ደብዳቤ የተላከላቸውን ካካፈልነው ግን 16.7 በመቶ ነው። እናንተን የሚመለከታችሁ ሁለተኛው ነው፤ የምትፈልጉት «ደብዳቤ ይልኩልኛል ወይ?» የሚለውን ነውና። ደብዳቤ አግኝተው ያልመጡት 90 ሰዎች ሌላ ትምህርት ቤት መርጠዋል፣ ወይም ገንዘብ አጥተዋል። የመጀመሪያውን ስሌት ይዞ «የሚቀበሉት 6.7 በመቶ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ያልተባለ ነገር እየተናገረ ነው። ከሳቢያን የመጣች አንዲት ልጅ እንዲህ ባለ ቁጥር አንድ ዓመት ሙሉ ሳታመለክት ቀርታለች። ከዓመት በኋላ አብረን ስንከፍተው የተካፈለው የተመዘገቡት ቁጥር ሆኖ አገኘነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አምና 15 በመቶ የነበረው ዘንድሮ 21 ሆኗል። ቀለለ ማለት ነው?

የቦታውን ብዛት ሳታዩ ምንም አትበሉ። ከ80 አመልካች 12 ተቀብሎ የነበረ ክፍል በዓመቱ ከ85 አመልካች 18 ቢቀበል ከ15 ወደ 21 በመቶ ይዘልላል። የተለወጠው ግን ስድስት ሰው ነው። ምናልባት የአምናዎቹ ብዙዎቹ ስላልመጡ ዘንድሮ ተጨማሪ ደብዳቤ ላኩ፣ ምናልባት አንድ መምህር ገንዘብ አገኘ። ትንሽ ክፍል ከሆነ የሦስትና የአራት ዓመት ቁጥር ደምሩና እዩት።

የውጭዎቹ ይህን ሁሉ ያትማሉ። የእኛ አገሮቹስ?

በእኛ ዘንድ የሚለጠፈው ብዙውን ጊዜ የተቀበሉት ስም ዝርዝር ነው፤ በማስታወቂያ ሰሌዳ ወይም በቴሌግራም። ስንት ሰው አመልክቶ ነው እነዚህ የተመረጡት የሚለውን የሚነግራችሁ የለም። ቢታተም ለአመልካቹም ለዩኒቨርሲቲውም ጥቅም አለው ብዬ አምናለሁ፤ እስከዚያው ግን መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው።

የአገር ውስጡ ውድድር አሠራሩ ራሱ የተለየ ነው። መጀመሪያ በትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠውን ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ብዙዎቻችን ጋት የምንለውን፣ ማለፍ ያስፈልጋል። ትልቁ ወንፊት እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ፉክክር እንደ ፕሮግራሙና እንደ ከፋዩ ይለያያል። በመሥሪያ ቤት ወይም በመንግሥት ስፖንሰር ለሚማር ያለው ወንበርና በግል ከፍሎ ቅዳሜና እሑድ ለሚማር ያለው ወንበር አንድ አይደለም። በግል ክፍያ ከሚሠሩት ውስጥ ችግራቸው የአመልካች ብዛት ሳይሆን የአመልካች ማነስ የሆነባቸው አሉ፤ ተማሪው ካልሞላ ክፍሉ ሳይከፈት ይቀራል። ስለዚህ ወደ ትምህርት ክፍሉ ስትሄዱ እነዚህን ጠይቁ፦ አምና ስንት ሰው አመለከተ፣ ስንት ተቀበላችሁ፣ ከተቀበላችኋቸው ስንቱ በስፖንሰር ስንቱ በግል ነበር፣ ክፍሉስ ስንት ሰው ሲሞላ ነው የሚከፈተው? በአክብሮት ከተጠየቁ የሚመልሱ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ብዙ ናቸው። የሬጅስትራር መስኮት ላይ ከመሰለፍ ቢሯቸው ድረስ መሄድ ይሻላል።

ድሬዳዋ ነው የምኖረው። የሐረማያ የግብርና ኢኮኖሚክስ «ኢኮኖሚክስ» ተብሎ ይቈጠርልኛል?

ይቈጠራል። ሐረማያ ከእኛ በደንገጎ ዳገት አለፍ ብሎ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ፣ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ የግብርና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ፣ ድኅረ ምረቃ ማስተማር ከጀመረ ከ40 ዓመት በላይ የሆነው ተቋም ነው። የግብርና ኢኮኖሚክሱ ደግሞ ተቀምጦበት የኖረ ሙያው ነው፤ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ በተመሠረተው የግብርናና ተግባራዊ ኢኮኖሚክስ የማስተርስ መርሐ ግብር ውስጥም ተሳታፊ ሆኗል። ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ ስታመለክቱ ግን ስሙ ሳይሆን ትራንስክሪፕቱ ነው የሚነበበው። ማይክሮ፣ ማክሮና ኢኮኖሜትሪክስ በድኅረ ምረቃ ደረጃ መውሰዳችሁ ይታይ። የጫትና የእህል ገበያን፣ የድንበር ንግድን ወይም የሐረርጌን ገበሬ የሚመለከት ጥናት መሥራትም እዚህ ላለ ሰው ጉልበት ነው፤ መረጃው በእጁ አለ፣ ቋንቋውም የራሱ ነው።

ማስተርሱ ከመቶ 30 ይቀበላል፣ ፒኤችዲው ከመቶ 5። በማስተርሱ ልግባ?

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት አንድ ነገር አይደለም። በአሜሪካ የኢኮኖሚክስ ሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ብዙውን ጊዜ አይከፍልም፤ ይከፈለዋል። ዩኒቨርሲቲው አንድ ሰው ሲቀበል ለአምስት ዓመት ያህል የትምህርቱን ወጪና መተዳደሪያውን ሊሸከም ነው። ስለዚህ የሚቀበለው ጥቂት ነው፤ በብዙ ቦታ አንድ ክፍል ሃያ ሠላሳ ሰው ነው። ማስተርስ ግን በአብዛኛው ተማሪው የሚከፍልበት ነው። ብዙ ሰው መቀበል የሚያስችላቸውም ክፍያው ነው።

ስለዚህ ከመቶ 30 የሚለው የሚለካው የመግቢያውን በር ብቻ ነው። ደብዳቤው ደርሷት፣ የተጠየቀውን ክፍያ አይታ፣ ደብዳቤውን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠች ልጅ አውቃለሁ። በሩ ሰፊ ነበር፤ ቤቱ ግን ውድ ነበር። ከመቶ 5 የሚባለው በር ጠባብ ሆኖ ከገቡ በኋላ የሚያኖር ነው። በአሜሪካ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት እንደሚቻል ብዙ ልጆቻችን አያውቁም። በእንግሊዝ ግን መንገዱ በማስተርስ በኩል ነው የሚያልፈው፤ በካምብሪጅ ከማስተርሱም በፊት መሠረት ለሚያስፈልጋቸው የአንድ ዓመት ዲፕሎማ አለ።

ሲጂፒኤዬ 3.1 ነው። የሚቀበሏቸው ሰዎች አማካይ 3.7 ነው ይላል። በቃ?

መጀመሪያ «አማካይ» ነው ወይስ «መካከለኛ» የሚለውን እዩ። ሚዲያን የሚሉት መካከለኛው ቁጥር ከሆነ፣ ከተቀበሏቸው ሰዎች ግማሾቹ ከሱ በታች ናቸው ማለት ነው። እሱን እንደ ዝቅተኛ መስፈርት አድርጎ የሚያነብ ሰው ከተቀበሏቸው ግማሹን ራሱ ሊያስወጣቸው ነው። ዝቅተኛው መስፈርት ለብቻው ይጻፋል፤ ፈልጉት።

ሁለተኛው ነገር፣ 3.1 ከምን ተሠራ? የኢኮኖሚክስ ቅበላ ኮሚቴ ትራንስክሪፕት ሲያነብ ዓይኑ የሚያርፍበት ቦታ አለ፦ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ የሒሳብ ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሜትሪክስ፣ ከዚያ ማይክሮና ማክሮ። በእነዚህ ኤ እና ኤ ማይነስ ያለው፣ በፍሬሽማን ዓመት በሌላ ኮርስ የወደቀ የ3.1 ልጅ፣ ሒሳቡ ሁሉ ሲ ከሆነ የ3.6 ልጅ የተሻለ ሊነበብ ይችላል። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ወደ መጨረሻው ሽቅብ የሚወጣ ውጤትም ራሱን ይናገራል። ስለዚህ የነዚህን ኮርሶች ውጤት ለብቻ አስልታችሁ በማመልከቻችሁ ውስጥ ጻፉት፤ ኮሚቴው አስልቶ እስኪያገኘው አትጠብቁ። ሒሳቡ ሲ ከሆነ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፦ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ማስተርሱን እዚሁ አገር ስትማሩ በኢኮኖሜትሪክስ ጠንክሩ፣ ስታታ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር እንደ እጃችሁ እወቁት፣ ከዚያ በሁለተኛው ትራንስክሪፕት ተወዳደሩ።

ጂአርኢ ያስፈልጋል? ውጤቱስ ስንት መሆን አለበት?

ጂአርኢ ብዙ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ለድኅረ ምረቃ የሚያዩት የመግቢያ ፈተና ነው። ማስፈለጉ እንደ ፕሮግራሙ ነው፤ አንዳንዱ ግዴታ ያደርገዋል፣ አንዳንዱ በፈቃድ፣ አንዳንዱ አያይም። የሒሳቡ ክፍል ከ130 እስከ 170 የሚለካ ሲሆን፣ በኢኮኖሚክስ ሦስተኛ ዲግሪ የሚቀበሏቸው ሰዎች ውጤት ወደ ላይኛው ጫፍ የተጠጋ ነው። አንድ ነገር አስተውሉ። ፈተናው በፈቃድ በሆነበት ቦታ የሚታተመው ሚዲያን ውጤታቸውን የላኩትን ሰዎች ብቻ የሚመለከት ነው። የሚልከው ደግሞ ጥሩ ያገኘው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። እንደኛ ስሙ እምብዛም ካልታወቀ ዩኒቨርሲቲ ለሚመጣ አመልካች ግን ከፍተኛ የሒሳብ ውጤት ትልቅ ዋስ ነው፤ ኮሚቴው የኛን ኤ ከምን ጋር እንደሚያመዛዝነው ላያውቅ ይችላል፣ ጂአርኢን ግን ያውቀዋል። ውጤቱ ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ከቤት መፈተንም ይቻላል፤ መብራትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀን እንዳይሆን ቦታውን አስቀድማችሁ ሞክሩት።

ሴት ነኝ። ሴቶችን በአነስተኛ ምጣኔ እንደሚቀበሉ የሚያሳይ ቁጥር አይቼ ፈራሁ።

እህቴ፣ ለዚህ ጥያቄ በስታቲስቲክስ ክፍል ሁሉ የሚነገር እውነተኛ ታሪክ አለ፤ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ለድኅረ ምረቃ 8,442 ወንዶችና 4,321 ሴቶች አመለከቱ። ከወንዶቹ 44 በመቶ፣ ከሴቶቹ 35 በመቶ ተቀባይነት አገኙ። ዘጠኝ በመቶ ልዩነት በዚህ ብዛት ላይ በአጋጣሚ የሚመጣ አይደለም። ተመራማሪዎች ግን ቁጥሩን በየትምህርት ክፍሉ ሲከፍሉት አድልዎው የለም፤ እንዲያውም በጥቅሉ ሲታይ ወደ ሴቶቹ ትንሽ ያጋደለ ሆኖ ተገኘ። ከትልልቆቹ ክፍሎች አንዱ ወንዶችን 62 በመቶ፣ ሴቶችን 82 በመቶ ተቀብሏል። ሌላው ወንዶችን 6፣ ሴቶችን 7 በመቶ ተቀብሏል። ታዲያ ድምሩ እንዴት ተገለበጠ? በመጀመሪያው ክፍል ያመለከቱት ሴቶች 108 ብቻ ነበሩ፣ ወንዶቹ 825። ሴቶቹ በብዛት ያመለከቱት ማንንም በቀላሉ ወደማይቀበሉት ክፍሎች ነበር፤ ወንዶቹ ደግሞ ቦታ ወዳለባቸው።

ይህ ማለት አድልዎ የሚባል ነገር የለም ማለት አይደለም። ሴት ልጅ ወደ ሒሳብ የሚወስደውን መንገድ ገና ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚዘጋባት ብዙ ነገር አለ፤ ከማን ወገን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲ ድምር አይተሽ ስለ ኢኮኖሚክስ ክፍል አትወስኚ። የክፍሉን ቁጥር ፈልጊ። በክፍሉም ውስጥ በማስተርስና በፒኤችዲ ተለይቶ ካለ የተለየውን እዪ። በአገራችን ደግሞ ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ተወላጆች የሚሰጥ ድጋፍ በማስታወቂያው ላይ ተጽፎ እንደሆነ አንብቢ፤ መብትሽን ሳትጠቀሚበት እንዳታልፊው።

በቴሌግራም ግሩፕ በ2.9 የገባ ሰው አለ። እኔም በዚያ ልሞክር?

የገባው ይጽፋል፤ በ2.9 አመልክተው የቀሩት መቶ ሰዎች አይጽፉም። ሞክሩ፣ ግን በእሱ ታሪክ ላይ ዕቅድ አትሥሩ።

አምስት ቦታ ባመልክት እያንዳንዱ 10 በመቶ ቢሆን ግማሽ ዕድል አለኝ አይደል?

ስሌቱ 41 በመቶ ነው፤ በአምስቱም የመቅረት ዕድል 0.9 አምስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.59 ስለሆነ። ይህም ቢሆን አምስቱ ውሳኔዎች እንደ ሳንቲም ውርወራ የማይገናኙ ከሆነ ነው። ነገር ግን አምስቱ ኮሚቴዎች የሚያነቡት አንድ ትራንስክሪፕት፣ አንድ ጽሑፍና የአንድ መምህር ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ደካማ ከሆነ በአምስቱም ቦታ ደካማ ነው። ስለዚህ እውነተኛው ዕድል ከ41 ያንሳል። መፍትሔው ማመልከቻ ማብዛት ብቻ ሳይሆን የተለያየ ደረጃ ያላቸውን መምረጥ ነው፦ ሁለት የምትመኟቸው፣ ሁለት የሚመጥኗችሁ፣ አንድ ወይም ሁለት በአገር ውስጥ ወይም በአፍሪካ ያሉ።

ደብዳቤን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። የምትጠይቁት መምህር ከዩኒቨርሲቲው የኢሜይል አድራሻ እንዲልክ ለምኑት። በግል ጂሜይል የተላከ ደብዳቤ በብዙ ቦታ ጥርጣሬ ይቀሰቅሳል፤ አንዳንዱ ሥርዓት ጭራሽ አይቀበለውም። መምህሩ ሥራ ይበዛበታል፤ ስለዚህ የኮርሳችሁን ውጤት፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርዕስና የመዝጊያውን ቀን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ከአንድ ወር በፊት ስጡት። «ጎበዝና ሥነ ምግባር ያለው ተማሪ ነው» ብሎ የሚያልቅ ደብዳቤ አይረዳም። «ከሰባ ተማሪ ሁለተኛ ነበር፣ የተጠቀመበትን ዘዴ ራሱ አስረድቶኛል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይረዳል።

የሦስት ዓመት ዲግሪ ነው ያለኝ። ይቀበሉኛል?

በፍሬሽማን መርሐ ግብር መመለስ ምክንያት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የገቡት የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች አራት ዓመት ተምረዋል። ከዚያ በፊት የገባችሁት ሦስት ዓመት ነው የተማራችሁት። በአሜሪካ አራት ዓመት የሚጠይቁ ስላሉ ከመክፈላችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቁ። እዚህ የተማራችሁት ማስተርስ ብዙ ጊዜ ክፍተቱን ይሞላል።

የቅበላ ደብዳቤ ካገኘሁ ስኮላርሺፑ አብሮ ይመጣል?

በአሜሪካ ፒኤችዲ አብዛኛውን ጊዜ አዎ። በእንግሊዝና በአውሮፓ ማስተርስ ግን ሁለት የተለያዩ ውድድሮች ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲው ይቀበላችኋል፣ ገንዘቡን የሚሰጠው ሌላ አካል ነው። ስለዚህ የቅበላውን ፐርሰንት ብቻ ማየት ግማሽ መንገድ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሆነው ቼቭኒንግ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ሲጨርሱም ለሁለት ዓመት ወደ አገር መመለስ ግዴታ ነው። በዚህ ዓመት ለተመረቀ ልጅ ገና ነው፤ ባንክ ወይም ከተማ አስተዳደር ውስጥ ሁለት ዓመት ለሠራ ግን ጊዜው ነው። የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ላይ ጊዜ አታጥፉ፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። በየዓመቱ ይህን ሳያውቁ ጽሑፍ የሚጽፉ ልጆች አገኛለሁ፤ ድካማቸው ያሳዝነኛል።

ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ግን አፍሪካ ነው። ናይሮቢ ያለው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ጥናት ኅብረት፣ በ1988 እንደ አውሮፓውያን የተቋቋመው፣ ከ1993 ጀምሮ የጋራ ማስተርስ፣ ከ2002 ጀምሮ የጋራ ፒኤችዲ ያካሂዳል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርሱ ተሳታፊ ሆኖ ቆይቷል። ተማሪዎቹ የምርጫ ኮርሶቻቸውን ናይሮቢ ላይ ተሰብስበው ከመላው አፍሪካ ከመጡ ጓደኞች ጋር ይወስዳሉ። ከዚያ የወጡ ኢኮኖሚስቶች በብሔራዊ ባንኮችና በገንዘብ ሚኒስቴሮች ተቀምጠዋል። ከለንደን ቁጥር ጋር ስትታገሉ ይህን በር ሳታንኳኩ እንዳታልፉ።

የማመልከቻ ክፍያው ከበደኝ።

እውነት ነው፣ ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ 100 ዶላር የሚጠይቅ ማመልከቻ 5,700 ብር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያው 100 ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚያ ላይ አብዛኞቻችን ዓለም አቀፍ ካርድ የለንም። ነገር ግን ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ዌቨር ይሰጣሉ፤ ማለትም ክፍያውን ይተዋሉ። ለድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቱ አጭር ኢሜይል ጽፋችሁ ከየት እንደሆናችሁና ለምን መክፈል እንደማትችሉ ግለጹ፤ አትፈሩ፣ ውርደት የለበትም። ማመልከቻውን ከማስገባታችሁ በፊት እንጂ በኋላ አትጠይቁ። እንግሊዝኛ ፈተናውም ሌላ ወጪ ነው፤ ትምህርታችሁ በእንግሊዝኛ እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ ከዩኒቨርሲቲያችሁ ብታመጡ የሚቀበሉ አሉ፣ መጀመሪያ ያንን ጠይቁ።

ኮስት ሼሪንግ አልከፈልኩም፣ ዋናው ዲግሪ በእጄ የለም። ማመልከት እችላለሁ?

ብዙ ቦታ ለማመልከቻ ጊዜያዊው ሰርተፊኬትና ስቱደንት ኮፒው ይበቃሉ። ኦፊሻሉ ትራንስክሪፕት የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ከተቀበሏችሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ደብዳቤው እንደደረሳችሁ በማግስቱ ሬጅስትራር ሂዱ።

መዝጊያው «ዲሴምበር 15፣ 11:59 ፒኤም» ይላል። በእኛ መቼ ነው?

ዲሴምበር 15 በአብዛኛው ዓመት ታኅሣሥ 6 ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ታኅሣሥ 5 ይሆናል፤ በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ነበር። ሰዓቱ የአሜሪካ የምሥራቅ ጠረፍ ከሆነ ያ ሰዓት በእኛ በማግስቱ ከጠዋቱ 1፡59 ነው። የለንደን ከሆነ ደግሞ ያንኑ ሌሊት 8፡59። የየትኛው ከተማ ሰዓት እንደሆነ ካልተጻፈ የለንደኑን ያዙ፤ ከሁለቱ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። ፋይሎቻችሁን ደግሞ ከሦስት ቀን በፊት ጫኑ፤ የመጨረሻው ሌሊት ኔትወርኩ ሲጠፋ ከከዚራ እስከ ለገሃሬ ካፌ ለካፌ ስትዞሩ እንዳይነጋባችሁ።